በአንድ ጆሮ የሚሰማ መጽሐፍ

ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ሳዑድ አልሰንዑሲ ነው። ገለጥ ሲያደርጉት ግን ሌላ የርእስ ገጽ ይመጣል፤ ደራሲው ሆሴ ሜንዶዛ፣ ተርጓሚው ኢብራሂም ሰላም፣ አራሚዋ ኸውላ ራሺድ እንደሆኑ ይናገራል። የተርጓሚው ማስታወሻም ይከተላል። ሦስቱም በእውኑ ዓለም የሉም፤ የልብ ወለዱ ገጸ ባሕርያት ናቸው። «ሳቅ አልባምቡ»፣ በእኛ «የቀርከሃ አገዳ»፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሞ በ2013 ዓለም አቀፉን የዐረብኛ ልብ ወለድ ሽልማት ያገኘ የኩዌት ሥራ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ርእሰ ጉዳዩን ነው፤ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጅ ከፊሊፒንሳዊት የቤት ሠራተኛ ጋር በስውር ተጋብቶ የወለደው ልጅ ታሪክ ስለሆነ። እኔ አስቀድሜ የማደንቀው ግን ያቺን አንዲት ገጽ ነው።

ምክንያቱም ሆሴ ያደገው በእናቱ አገር ነው፤ ዐረብኛ አያውቅም። እንዲህ ያለ ልጅ ታሪኩን በጠራ ዐረብኛ ቢተርክልን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እንጠረጥረው ነበር። አልሰንዑሲ ችግሩን በማብራሪያ አልሸፈነውም፤ ተርጓሚ ፈጠረለት። ተርጓሚው በታሪኩ ውስጥ የሆሴ ወዳጅ ሆኖ ይመጣል። ኸውላ ደግሞ በአባቱ በኩል እኅቱ ናት። እንግዲህ ያን ቤተሰብ የሚከስሰው ምስክርነት እኛ ዘንድ የደረሰው በራሷ በቤተሰቡ ልጅ እጅ ታርሞ ነው ማለት ነው። ይህን ለመናገር በአንድ ገጽ ላይ የተደረደሩ ሦስት ስሞች ይበቁታል። አንባቢ መጀመሪያ ሳያስተውለው ያልፈዋል፤ ሲጨርስ ይመለስበታል።

ታሪኩ የሚካሄድበት ዋናው ቤት ያለው በኩዌት ቁርጡባ ነው፤ ኢትዮጵያውያት እኅቶቻችን በሰው ቤት ከሚሠሩበት ከባያን በመኪና ሩቅ አይደለም። ባያንን የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ በ1987 እ.ኤ.አ. የእስልምና አገሮች መሪዎች የተሰበሰቡበት የባያን ቤተ መንግሥት ያለበት ሰፈር ነው። በአምስተኛው ቀለበት መንገድ ማዶ ጃብሪያ አለ። የተቀረው ባያን ቪላ ነው፤ ወንዶች እንግዶች የሚቀመጡበት ዲዋኒያ፣ ወጥ ቤት፣ ከኋላ ወይም ከላይ የሠራተኞች ክፍል። እኅቶቻችን የሚኖሩት በዚያ ክፍል ነው። ሆሴም ወደ አባቱ አገር ሲመለስ የሚሰጠው መኖሪያ ከዋናው ቤት ተለይቶ ከሠራተኞቹ ጎን ያለ ክፍል ነው። ደራሲው ቤቱን የሚያሳየን በልጁ እግር ነው፤ የት እንደሚገባ፣ የት እንደማይገባ፣ እንግዳ ሲመጣ የት እንደሚቆይ። የቤቱን ሕግ ማንም አያነብልንም፤ በበሮቹ እናውቀዋለን።

ሌላም ረቂቅ ሥራ አለ። ልጁ ፊቱ የእናቱ ነው፤ ድምፁ የአባቱ። አባትየው ራሺድ በኢራቅ ወረራ ጊዜ ተማርኮ አልተመለሰም። አያትየው ገኒማ የልጁን ፊት ስታይ የምታፍርበት የልጅ ልጅ ነው፤ ድምፁን ስትሰማ ግን የሞተው አንድ ወንድ ልጇ ነው። ደራሲው የዚህችን ሴት ጭካኔና ፍቅር በአንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ለማኖር ረጅም ስብከት አላስፈለገውም። ዓይንና ጆሮዋን አጣላቸው። አክስትየው ሂንድ ደግሞ ለሰው ልጅ መብት የምትሟገት ሴት ናት፤ ሙግቷ ወደ ገዛ ቤቷ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ማየት የመጽሐፉ አስጨናቂ ክፍል ነው። ዐረብኛ ማንበብ የምትችሉ በዐረብኛ፣ የማትችሉ በጆናታን ራይት የእንግሊዝኛ ትርጉም አንብቡት። አረብ ቤት የሠራ ሰው በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የማያውቀው በር የለም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ከቅሬታም ይልቅ ረሃብ ብለው ይሻላል። እናትየው ጆሴፊን በገዛ አንደበቷ አትተርክም። ያየችውን ለልጇ ነግራዋለች፤ እኛ የምንሰማው ልጇ የሚያስታውሰውን ነው። ይህ ለልብ ወለዱ የተመረጠ መንገድ ነው፤ ስሕተት አይደለም። ግን የቤቱን ወለል ስትወለውል የኖረችው እርሷ ናት፤ የእርሷን ቃል ያህል የሚሆን የለም። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

መጽሐፍ ባያን ውስጥ እንዴት እንደሚነበብ ሳልናገር ግን ለእነዚህ እኅቶቻችን ሌላ መጽሐፍ ልመርጥ አልችልም። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ የ2015ቱ ቁጥር 68፣ የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 እንዳይበልጥና በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ያዝዛል። ሕጉ የተከበረበት ቤት እንኳ 12 ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው ማታ 500 ገጽ ይዞ አይቀመጥም። ስለዚህ መጽሐፍ የሚገባው በጆሮ ነው፤ ዲሽዳሻ ሲተኮስ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ በአንድ ጆሮ ኤርፎን፣ ሌላው ጆሮ ለቤቱ እመቤት ለማዳም ጥሪ ክፍት ሆኖ። ትረካው ከዩቲዩብ ነው። ይቋረጣል፤ ከሰዓታት በኋላ ይቀጥላል። ለመጽሐፍ ከዚህ የሚከብድ ፈተና አላውቅም። በደንብ ያልተጋጠመ ድርሰት በእንዲህ ያለ አሰማም ላይ ይበታተናል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» አይበታተንም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን ልብ ወለድ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ ተርኮታል፤ ዛሬ ባያን የሚሰማውም ያው ድምፅ ነው። ብዙ ሰው ውበቱን ለወጋየሁ ይሰጣል። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ስለነበር ከገጸ ባሕርያቱ ፊታውራሪ መሸሻን ሲያነብ ሌላ ሰው፣ ጉዱ ካሣን ሲያነብ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የጽሑፉን አሠራር ልብ ብላችሁ ስሙ። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሰሚውን አንጠልጥሎ ያደክመዋል። የሐዲስ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፤ አያደክምም። እያንዳንዱን ድርጊት በቦዝ አንቀጽ ለብቻው ቋጭተው ወደሚቀጥለው ያሸጋግሩታልና ሰሚው በየደረጃው የሚያርፍበት አለው። ማዳም ጠርታ መሐል ላይ ቢቋረጥም፣ ሲመለሱ የተያዘው አልጠፋም።

ከዓረፍተ ነገሩ በላይ ደግሞ የታሪኩ አጣጣል አለ። ሐዲስ ስለ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ፍቅር ሊነግሩን ተነሥተው የሚጀምሩት ገና በዛብህ ሳይወለድ ነው፤ ከወላጆቹ ከውድነሽ በጣሙና ከቦጋለ መብራቱ። ችኩል አንባቢ «ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» ሊል ይችላል። ወላጆቹ ልጃቸውን በስእለት ለእግዚአብሔር ይሰጡታል፤ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንጂ ትዳር የሚመሠርት ሰው እንዳይሆን። ከብዙ ገጽ በኋላ ልጁ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት መምህር ሆኖ ተቀጥሮ የጌታውን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ፣ የዘር ልዩነቱን ብቻ ሳይሆን ያን ስእለትም ተሸክሞ ነው። በአንድ በኩል የሰው ሥርዓት፣ በሌላ በኩል ለፈጣሪ የተገባ ቃል። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ ሲገናኙ ታሪኩ ሌላ መጨረሻ ሊኖረው አይችልም። ይህ ሁሉ የተተከለው እኛ ገና ማንን እንደምንወድ ባላወቅንበት ሰዓት ነው። በሰው ቤት ተቀጥሮ መኖር፣ ገበታው የሚያቀርብና የሚያርቅ መሆኑን ማወቅ፣ የጌታውን ቁጣ በእርምጃው ድምፅ መለየት፤ ባያን ያለች ሴት ይህን ከማንም ሐያሲ በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ ነው የበዛብህ ነገር እዚህ እንደ ሩቅ ዘመን ተረት የማይሰማው።

«ኦሮማይ»ን በሁለተኛ ደረጃ እመክራለሁ። በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛ ነበር፤ በ1975 ዓ.ም. የወጣው ይህ ልብ ወለድም በጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም አንደበት አስመራንና የቀይ ኮከብ ዘመቻን ይተርካል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ንግግሩ ፈጣን ነው። የስለላ ታሪክ ለሚወድ የስለላ ታሪክ፣ ፍቅር ለሚፈልግ የጸጋዬና የፊያሜታ ፍቅር አለው። መጽሐፉ ታግዶ ነበር፤ ደራሲው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በየካቲት 1976፣ እንደወጣ ቀርቷል። ሌሊት እንቅልፍ ላጣ ሰው ከዚህ መጽሐፍ የሚሻል ጓደኛ የለም። አዳም ረታን ግን በጆሮ አትስሙት። «ግራጫ ቃጭሎች»ም ሆነ «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ» ዓይን ይፈልጋሉ፤ ወደ ኋላ መመለስን፣ ገጽ ማነጻጸርን ይፈልጋሉ። ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ ያኔ አንብቡት፤ ይጠብቃችኋል።

ወደ ትዝታ መጻሕፍት ልምጣ። የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» መጀመሪያ በእንግሊዝኛ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ አብዮቱን፣ ኢሕአፓን፣ ፍቅሯን ጌታቸው ማሩንና የእስር ዓመታቷን ይነግራል። ሴት ልጅ በዚያ ዘመን የኖረችውን ከራሷ አፍ ለመስማት ይህን አስቀድሙ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ»ም አለ፤ የጣልያንን ወረራና ምርኮውን የሚተርክ ነው። ልብ ወለዳቸውን የወደደ ሰው ይህንንም ቢያነብ፣ ያው እጅ ያየውን ሲጽፍና የፈጠረውን ሲጽፍ እንዴት እንደሚለያይ ያያል።

እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምይዘው ግን በ1959 ዓ.ም. የታተመውን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ»ን ነው። አለቃ ለማ በቤተ ክህነት ትምህርት የበሰሉ ሊቅ ነበሩ። ይህን መጽሐፍ ግን ተቀምጠው አልጻፉትም። ልጃቸው ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ እየጠየቃቸው ተናገሩ፤ እርሱ በድምፅ መቅረጫ ቀርጾ ወደ ጽሑፍ ገለበጠው። የመንግሥቱ ሙያ የሚታየው ባልነካው ነገር ላይ ነው። «ጠልፎ በኪሴ»ን የጻፈ ሰው የአባቱን ንግግር አሳምሮ፣ አስተካክሎ፣ ለመጽሐፍ በሚመች አማርኛ ሊያቀርበው ይችል ነበር። ተወው። ሽማግሌው ነገር ሲያነሡ ሌላ ነገር ትዝ ብሏቸው ሲሄዱ አብሮ ይሄዳል፤ ሲመለሱ አብሮ ይመለሳል። ንግግሩ እንደ ንግግር ተቀምጧል። ለዚህ ነው ስታነቡት ሰውየው ከፊታችሁ የተቀመጡ ያህል የሚሰማችሁ። ጸሐፊው እጁን መሰብሰቡ ከማናቸውም ጌጥ የበለጠ ሙያ ነው፤ ብዙ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ይህን ትዕግሥት ቢማሩ የትዝታ መጻሕፍቶቻችን የስብሰባ ሪፖርት ባልመሰሉ ነበር።

እመለስበታለሁ ያልሁትም ይኸው ነው። አልሰንዑሲ የሠራተኛዋን ልጅ ታሪክ ጽፏል፤ ያገሩን ድርሻ ተወጥቷል። የሠራተኛዋን የራሷን ቃል የሚጽፍ ኩዌታዊ ልንጠብቅ አይገባም። ባያን ውስጥ፣ ጃብሪያ ውስጥ፣ ሳልሚያ ውስጥ ያለች ሐበሻ ሴት የምታውቀውን ቤት የሚያውቅ ደራሲ የለንም። ብዙዎቹ ለመጻፍ ጊዜ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ለመጻፍ የሚበቃ ትምህርት አላገኙም። አለቃ ለማም አልጻፉትም። የሚያስፈልገው ጠያቂና መቅረጫ ነበር፤ መቅረጫው ዛሬ በሁሉም ኪስ ውስጥ አለ።

እናታችሁ፣ እኅታችሁ ወይም አክስታችሁ አረብ ቤት ሠርታ የተመለሰች ወይም አሁንም እዚያው ያለች ልጆች፣ ጠይቋት። ስለ ደመወዙና ስለ በደሉ ብቻ አትጠይቋት። ጠዋት መጀመሪያ የምትከፍተው በር የትኛው እንደነበር፣ የዲዋኒያው ሻይ ስንት ጊዜ እንደሚወጣ፣ የቤቱ ልጆች ምን ብለው እንደሚጠሯት፣ ማታ ብቻዋን ስትሆን ምን ትሰማ እንደነበር ጠይቋት። ቅረጹት። ከዚያም ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡት አማርኛዋን አታርሙባት። የወሎ ከሆነች የወሎ፣ የጅማ ከሆነች የጅማ ሆኖ ይቀመጥ፤ ያደባለቀችው የኩዌት ዐረብኛም አብሮ ይቀመጥ። አሳታሚዎችም እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲመጣላችሁ «ይስተካከል» ብላችሁ አትመልሱት።