አቤት ማለትን ያላስተማረ የዜግነት ትምህርት

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ በየቤታችን ከጸሎት መጽሐፍ ቀጥሎ አዘውትሮ የሚደገም ጽሑፍ ቢኖር ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚጠናው የጥያቄና መልስ መጽሐፍ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ከ2008 ጀምሮ ጥያቄዎቹ 100 ነበሩ፤ ከ10 ጥያቄ 6 የመለሰ ያልፍ ነበር። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ ማመልከቻ ላስገባ ሰው ግን ጥያቄዎቹ 128 ሆነዋል፤ ከ20 ጥያቄ 12 መመለስ ግድ ነው። ዕድሜያቸው 50 ሞልቶ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቶ 15 ዓመት የኖሩ ወገኖቻችን በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ መፈተን ይችላሉ።

መጽሐፉ የተጻፈበትን ሥራ ይሠራል፤ ሰው ያሳልፋል። በዚህ አይነቀፍም። የሚያስነቅፈው እኛ መጽሐፉን በቃል ማጥናትንና መብትን ማወቅን አንድ አድርገን መቁጠራችን ነው።

እስቲ ጥያቄዎቹን አብረን እንመልከት። አንዱ የሕግ የበላይነት ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃል። መልሱም ሁሉም ሰው፣ መሪዎችም ጭምር፣ ሕግ ማክበር አለባቸው የሚል ነው። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ መልስ አይደለም። ዳሩ ግን ሹሙ ሕጉን ሲጥስ ተበዳዩ ለማን፣ የት፣ በስንት ቀን ውስጥ አቤት ይበል? መጽሐፉ ፍርድ ቤት ሕግን እንደሚመረምር ይነግረናል፤ ተራው ሰው እዚያ እንዴት እንደሚደርስ ግን አይነግረንም። ሌላው ጥያቄ በአሜሪካ የሚኖር ሰው ሁሉ ካሉት መብቶች ጥቂቶቹን እንድንጠራ ያዘናል። መናገር፣ መሰብሰብ፣ ማምለክ፣ ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብ ከመልሶቹ መካከል ናቸው። ልብ ይበሉ፤ ጥያቄው የሚኖር ሰው ሁሉ ይላል እንጂ ዜጋ ሁሉ አይልም። እኛ ግን መልሱን በቃላችን ይዘን፣ ዜግነት እስክናገኝ ድረስ አንገት ደፍቶ መኖር ግዴታ ይመስለናል።

ለመሆኑ ይህ ጠባይ ከየት መጣ? ከትምህርት ቤት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ተማርን፤ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት፤ ከዚያም ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጣ። ይህ ሦስተኛው በ11 እሴቶች የተከፈለ ነበር። አራቱ፣ ማለትም ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነትና ፍትሕ፣ ስለ ሥርዓቱ የሚናገሩ ናቸው። ሰባቱ ግን ዜጋው ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ይመክራሉ፦ አገር ወዳድ፣ ኃላፊነት የሚሰማው፣ ታታሪ፣ በራሱ የሚተማመን፣ ቆጣቢ፣ በኅብረተሰቡ ጉዳይ የሚሳተፍ፣ ዕውቀትን የሚሻ። ቁጠባም ታታሪነትም መልካም ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን ምክር ናቸው እንጂ መብት አይደሉም። መንግሥት ሲለወጥ የትምህርቱም ስም ተለወጠ፤ ተማሪው ግን ሁልጊዜ ተመካሪ እንደሆነ ቀረ።

የሚያስቆጨው ደግሞ ጥሩ ሕግ ሳይጻፍልን ቀርቶ አለመሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የጃፓንን አርአያ የተከተለ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ ሲወጣ ግን አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ከአርቃቂዎቹ ጋር ሠርተዋል። በዚያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንም ሰው የሕግ እኩል ጥበቃ እንዳይነፈግ፣ አንቀጽ 43 ደግሞ ከሕግ አግባብ ውጪ ሕይወቱን፣ ነፃነቱንና ንብረቱን እንዳያጣ ይደነግጋሉ። ይህ በ1868 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ላይ የተጨመረው 14ኛው ማሻሻያ የሚናገረው ቃል ነው። አንቀጽ 62 ንጉሠ ነገሥቱን መክሰስ ይከለክላል፤ መንግሥትንና መሥሪያ ቤቶቹን መክሰስ ግን ይፈቅዳል። ስንቶቻችን ይህን በክፍል ውስጥ ሰማን? በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ደርግ ያን ሕገ መንግሥት ሲያግድ፣ አብዛኛው ሕዝብ ምን እንደተወሰደበት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ያው ቃል በምንኖርበት ከተማ እንዴት እንደተሠራበት ደግሞ እንይ። ኦገስት 21 ቀን 1939 በአሌክሳንድሪያ፣ ኩዊን ስትሪት ላይ ወደሚገኘው የከተማው ቤተ መጻሕፍት አምስት ጥቁር ወጣቶች ተራ በተራ ገብተው የመዋሻ ካርድ ጠየቁ። ጥቁር በመሆናቸው ተከለከሉ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ አንሥተው፣ በየጠረጴዛው ለየብቻ ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ ተጠርቶ ያዛቸው። ነገሩን ያቀደው የ26 ዓመቱ ጠበቃ ሳሙኤል ዊልበርት ተከር ነበር። ወጣቶቹ ንጹሕ ለብሰው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በትሕትና መቀመጣቸው እንዲያው የሆነ አልነበረም፤ ሁከት ፈጠራችሁ ተብለው ሲከሰሱ ሁከቱ የቱ ላይ እንደሆነ ከሳሹ ማሳየት እንዳይችል ነው። ዳኛው ሳይፈርዱ ጉዳዩ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ክሱ በፍርድ ቤት በይፋ የተዘጋው በ2019 ነው። ከተማው በ1940 ለጥቁሮች የተለየ፣ ያነሰ ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ተከር ግን የዚያን ካርድ አልቀበልም አለ። በ1968 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ቆሞ በቨርጂኒያው የኒው ኬንት ካውንቲ የትምህርት ቤት ጉዳይ ተከራክሮ ረታ። ዛሬ በአሌክሳንድሪያ በስሙ የሚጠራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ።

በኢትዮጵያ ዳኛው ከሹሙ ነፃ ስላልነበረ ሕጉን ማወቅ ብቻውን ምን ይረባ ነበር የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ነገር ግን የአሌክሳንድሪያው ዳኛም ለእነዚያ ወጣቶች አልፈረደላቸውም፤ 14ኛው ማሻሻያም ከተጻፈ 71 ዓመት ሆኖት ነበር። ቃሉን ከወረቀት ያስነሡት፣ ቢሸነፉም ተመልሰው አቤት ማለትን የተማሩ ሰዎች ናቸው።

ሌሎች አገሮች ይህንኑ አቤት ማለትን ከሕጉ ውስጥ አስገብተውታል። የህንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32፣ መብቱ የተነካበት ሰው በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሄዱን ራሱን መሠረታዊ መብት አድርጎታል። የደቡብ አፍሪካው የ1996 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 ማን ስለ ማን መክሰስ እንደሚችል ይዘረዝራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘትን መብት ይሰጣል፤ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ግን በአንቀጽ 62 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው እንጂ ለፍርድ ቤት አልሰጠም። እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጦ "ተበዳዩ የቱ አገር ቶሎ ዳኛ ፊት ይደርሳል?" ብሎ ተማሪን ማከራከር ከመቶ መልስ ይበልጣል።

አቤት ማለት ለእኛ ባዕድም አይደለም። "በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል" ሲባል አልሰማንም? ተበዳይ በሕግ አምላክ ብሎ በዳዩን ያቆመው ነበር፤ ከዚያም ነጠላቸውን ቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ያውቀው የነበረውን እኛ ፊደል ቆጥረን ረሳነው።

"በሰው አገር ዝም ማለት ይሻላል" የሚሉ ወገኖች አሉ። በተለይ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ፍርሃት የሚቀንሰው የትኛው በር የማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ስለዚህ በቅዳሜና በእሑድ ልጆቻችን አማርኛ በሚማሩባቸው ክፍሎች፣ ወላጆችም ባሉበት፣ አንድ ሰዓት ለዚህ ይሰጥ እላለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ እንደሌለው፣ ጉዳዩ የሚታየው በሞንትጎመሪ ካውንቲ እንደሆነ ይነገር። የአሌክሳንድሪያ የፖስታ አድራሻ ያለው ሁሉ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ነዋሪ እንዳልሆነ፣ ብዙው በፌርፋክስ ካውንቲ ሥር እንደሆነ፣ የትምህርት ቦርዱም ሌላ እንደሆነ ይነገር። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ዜጋ ያልሆነውን ነዋሪዋን በከተማው ምርጫ እንደምታስመርጥ ይነገር። በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ፣ ልጅን በማያውቀው ቋንቋ ያለ እርዳታ ማስቀመጥ እኩል ትምህርት መስጠት እንዳልሆነ መወሰኑ፣ በ1982ም ከቴክሳስ በመጣ ጉዳይ ወረቀት የሌለው ልጅ ከሕዝብ ትምህርት ቤት እንዳይከለከል መወሰኑ ይነገር። ፈተናውን ያለፈች እናት በልጇ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ያልገባትን ወረቀት ዝም ብላ ከፈረመች ፈተናው ምን ጠቀማት?

"ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" ይላል የአገራችን ሰው። እርስዎም ቤትዎ ውስጥ ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው ካለ፣ ሲያስጠኑት በእያንዳንዱ መብት ላይ አንዲት ጥያቄ ይጨምሩበት፦ ይህን ቢነፍጉህ በነጋታው ጠዋት የት ትሄዳለህ? መልሱን አብራችሁ ፈልጉ፤ የመሥሪያ ቤቱንም ስምና ስልክ በአማርኛ ጽፋችሁ ከመጽሐፉ ሽፋን ጀርባ ለጥፉት። ፈተናው ካለፈ በኋላም መጽሐፉን አትጣሉት።