የጥንቱን የመጽሐፍ ጥረዛ መልሶ መሥራት፤ መልክን መቅዳት ወይስ አሠራርን መመርመር?

በታሪክ የታወቁ የመጽሐፍ አጠራረዝ ዓይነቶችን በእጅ መልሶ መሥራት በዘመናችን ብዙ ወዳጆችን ያፈራ ሙያ ሆኗል። በእጅ ሥራ ትምህርትም ቦታ ሊሰጠው እንደሚገባ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ መልሶ የተሠራ ጥራዝ ሁሉ እኩል የማስተማር ዋጋ የለውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልክን ብቻ የሚቀዳውን ሥራ የአሠራሩን ምክንያት ከሚመረምረው የምንለይበትን መመዘኛ ማቅረብ ነው።

መመዘኛው ከራሳችን የብራና መጽሐፍ ሊነሣ ይችላል። በኢትዮጵያ አጠራረዝ የታጠፉት የብራና ቅጠሎች በጥራዝ በጥራዝ ተደራጅተው እጥፋታቸው በወስፌ ይበሳል። ክሩ በቀዳዳው ይወጣና ከፊተኛው ጥራዝ ስፌት ጋር ተቆላልፎ በዚያው ቀዳዳ ይመለሳል። የፊትና የኋላ የእንጨት ገበታዎችም ጠርዛቸው እየተበሳ በክር ከጥራዞቹ ጋር ይያያዛሉ። መጽሐፉን አጽንቶ የሚይዘው ስፌቱ በመሆኑ ሲከፈት ገጹ በሚገባ ይዘረጋል። ገበታውም የራሱ ተግባር አለው፤ እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቁ የሚጨማደደውን ብራና በክብደቱ ተጭኖ ይይዛል። የቆዳው ልባስ፣ በጋለ ብረት የሚታተመው ድጉስና ማኅደሩ የሚከተሉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከናካቴው ቆዳ ሳይለብሱ በባዶ ገበታ ያገለገሉ መጻሕፍትም ብዙ ናቸው።

ከዚህ አንጻር በልዩ ልዩ አገሮች «የቅብጥ ስፌት» እየተባለ የሚሠራውን ብንመለከት ጉድለቱ ይታያል። ስፌቱ ለጌጥ ሲባል በጀርባው ላይ ተገልጦ ይተዋል። የጥንቶቹ የቅብጥ ጥራዞች ግን ጀርባቸው በአብዛኛው በቆዳ የተሸፈነ ነበር። እንዲሁም ለብራና የተስማማ ወፍራም ክር በስስ ወረቀት ላይ ሲውል እጥፋቱን ይቀድዳል፤ ስለዚህ ሠሪው ክሩን ማቅጠን ወይም የጥራዙን ቅጠል ማብዛት ግድ ይሆንበታል። እንዲህ ያለው ለውጥ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው ለውጡን ሳይገልጹ ሥራውን «ጥንታዊ» ብሎ መሰየም ነው፤ ተማሪው ከዚያ የሚማረው የተሳሳተ ታሪክ ነውና።

መልሶ መሥራት የምርምር ዘዴ ሊሆን እንደሚችል በሚገባ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ያኖሽ ሲርማይ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ መካከለኛው ዘመን አጠራረዝ ያሳተመው ጥናት ነው። በሙያው ሐኪም የነበረው ይህ ጸሐፊ ለኢትዮጵያ ጥራዝ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶ የክሩን ጉዞ በጥንቃቄ ይከታተላል። ሆኖም ትኩረቱ በመጽሐፉ አካል ላይ ስለሆነ የባለሙያውን ቃልና ልማድ ከእርሱ ብቻ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ኢትዮጵያ መጽሐፍ አዘገጃጀት ካሳተሙት ሥራ ጋር ተነጻጽሮ ሊነበብ ይገባዋል።

የዚህ ምርመራ ጥቅም በተግባርም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ሞልቶ የፍሎረንስን መጻሕፍት ሲያጥለቀልቅ፣ ለእድሳት ከሄዱት ባለሙያዎች አንዱ የነበረው ክሪስቶፈር ክላርክሰን ሙጫ ያልበዛባቸውና በልል ብራና የተለበጡ የ16ኛው መቶ ዓመት ጥራዞች ከሌሎቹ ይልቅ ጎርፉን እንደተቋቋሙ አስተዋለ። ይህን አሠራር ለመጻሕፍት ጥበቃ እንዲውል አጥንቶ አቀረበው። ትሑት መስሎ የታየው ጥራዝ መምህር ሆኖ የተገኘው ምክንያቱ ስለ ተጠየቀ ነው።

እንግዲህ ለትምህርት ቤቶቻችን ሦስት ነገሮች ይታሰባሉ። አንደኛ፣ ተማሪው በካርቶን፣ በወረቀትና በጥጥ ክር ሲሠራ ከጥንቱ የለወጠውን ሁሉ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያስፍር። ሁለተኛ፣ መምህሩ ነጥብ ሲሰጥ ከሽፋኑ ውበት ይልቅ የመጽሐፉን አከፋፈት ይመልከት፤ ደጋግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ ስፌቱ ይላላል ወይስ ይጸናል? ሦስተኛ፣ ልምምዱ በምንም ዓይነት በጥንት የብራና መጽሐፍ ላይ እንዳይደረግ። አሮጌው ቀዳዳ፣ የክሩ ቁራጭና የጥራዞቹ ቅደም ተከተል ራሳቸው የታሪክ ማስረጃዎች ስለሆኑ አንድ ጊዜ ተፈትተው ከተበተኑ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ዕቅድ አውጪዎችም ይህን ሥራ ለዓመቱ መዝጊያ ኤግዚቢሽን ማድመቂያ ብቻ አድርገው ባይመድቡት መልካም ነው። ለስፌቱ በቂ ክፍለ ጊዜ ከተሰጠውና በአካባቢው ያሉ የብራና ባለሙያዎች በመምህርነት ከተጋበዙ፣ ተማሪው ቅጠሉ የረገፈ የመማሪያ መጽሐፉን ሳይጥል ሰፍቶ የሚያቆይበትን ዕውቀት ይዞ ይወጣል።