ሰያፍ መስመር በአራት ማዕዘን ዓለም፦ በፒክስል ፊደላት ላይ የቀረበ አጭር ሂስ

የሥነ ጽሑፍ ሐያስያን ቃሉን እንመረምራለን እንጂ ቃሉ የለበሰውን የፊደል ቅርጽ እምብዛም አናነሣም። ይሁንና ቅርጽና ይዘት አይነጣጠሉም የምንለው ከልባችን ከሆነ፣ ምርመራችን ከምዕራፉና ከስንኙ አልፎ እስከ ፊደሉ መውረድ ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው የቀድሞዎቹን ኮምፒዩተሮች እንዲያስታውስ ተብሎ የሚሠራውን፣ በማስታወቂያ፣ በኮምፒዩተር ጨዋታና በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ለርእስነት የሚያገለግለውን ሰያፍ የፒክስል ፊደል ነው። ጥያቄዬም፣ ይህ ፊደል ውበቱን ከምን ያገኛል? መቼስ ባዶ ጌጥ ይሆናል? የሚል ነው።

ፒክስል በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ምስል የሚሠራባት ትንሿ ነጥብ ናት። ነጥቦቹ እንደ ቼዝ ሰሌዳ በቀጥታ ረድፍ የተደረደሩ ስለሆኑ ቁምና አግድም መስመር ያለ ችግር ይወጣባቸዋል። ሰያፍ መስመር ግን ደረጃ ከመሥራት በቀር መንገድ የለውም። ስለሆነም “ሰያፍ የፒክስል ፊደል” የሚለው ስያሜ ራሱ ተቃርኖን ያዘለ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ደረጃ ነው፤ ደረጃውን ወደ ዘንባላ የሚለውጠው የአንባቢው ዓይን ነው።

ሰያፍ የላቲን ፊደል ከመነሻው የብዕር ልጅ ነበር። በ1501 እ.ኤ.አ. የቬኒሱ አሳታሚ አልዱስ ማኑቲዩስ የቨርጂልን ሥራዎች በትንሽ ቅርጽ ሲያወጣ፣ ጽሑፉን ያተመው ፍራንቼስኮ ግሪፎ በቀረጸው ሰያፍ ፊደል ነበር። ፊደሉ የዘመኑ ምሁራን ይጽፉበት የነበረውን የእጅ ስልት የተከተለ በመሆኑ፣ ዘንባላው የሚፈጥን እጅ አሻራ ነው። አንዱን ቃል ከሌሎቹ ለይቶ ለማጉላት በሰያፍ ማተም ግን ኋላ የመጣ ልማድ ነው።

ይህ የእጅ አሻራ ወደ ሰሌዳው ሲገባ ምን እንደ ደረሰበት ለማየት በ1984 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውን የማኪንቶሽ ኮምፒዩተር መመልከት ይበቃል። ስክሪኑ 512 በ342 ፒክስል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፒክስል ከጥቁርና ከነጭ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሱዛን ኬር ቺካጎና ጄኔቫ የተባሉትን የመሳሰሉ ፊደላት በዚህ ጠባብ ስፍራ ነጥብ በነጥብ ቀረጸች። ሰያፍ ሲፈለግ ግን ማሽኑ የቆመውን ፊደል ወስዶ፣ ከጽሑፉ መስመር በላይ ያሉትን የነጥብ ረድፎች ወደ ቀኝ፣ በታች ያሉትን ወደ ግራ በስሌት ይገፋቸዋል። ቅንነት ያለው የፊደል እግር እንደ ተሰበረ መሰላል ይሆናል። በአንጻሩ ቢል አትኪንሰን የቀረጸው፣ የአልዱስን ከተማ ስም የያዘው “ቬኒስ” የብዕሩን ውፍረትና ቅጥነት በዚያው ሰሌዳ ላይ በዓይን ምርጫ ያስታውሳል። ሰሌዳው አንድ ነው፤ የለያቸው እያንዳንዱ ደረጃ የት ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ይህ ነገር ለግጥም ተማሪ እንግዳ አይደለም። ወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም እያለ ሲሄድ ገጣሚውን ያጠብበዋል። ደካማው ገጣሚ ምጣኔውን ለመሙላት ትርጉም የሌለው ቃል ይሰነቅራል፤ ብርቱው ግን ጥበቱ ራሱ ያልታሰበ ቃል እንዲያወጣለት ያደርጋል። ምጣኔ የገጣሚው ጠላት እንዳልሆነ ሁሉ ፒክስልም የፊደል ቀራጩ ጠላት አይደለም።

“ዛሬ ጥበቱ የለም፤ ታዲያ ደረጃውን ማስመሰል ለምን?” የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ዙዛና ሊትስኮ በ1985 እ.ኤ.አ. ለኤሚግሬ የሠራቻቸው ሻካራ ፊደላት የመሣሪያው ግዴታ የወለዳቸው ነበሩ፤ በ2001 “ሎ-ሬዝ” በሚል ስም ሲመለሱ ግን ግዴታው ምርጫ ሆኗል። እኔ በበኩሌ ምርጫ መሆኑን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ወል ቤትም ቢሆን ማንም ሳያስገድደው የሚመረጥ ነው። የምነቅፈው ትዝታን ለመቀስቀስ ብቻ ቆሞ የነበረውን ፊደል በስሌት አዘንብሎ ማቅረብን ነው። ይህ የምጣኔ መሙያ ቃል መሰንቀር ነው።

ነገሩ ወደ ግእዝ ፊደል ሲመጣ ከውበት ጥያቄነት ያልፋል። “ግቡ” እና “ግቢ” የሚለያዩት በ“በ” ቀኝ እግር ላይ የምትቀጠለው ትንሽ ጭረት መካከል ላይ ወይም ግርጌ ላይ በመሆኗ ነው። በአነስተኛ የፒክስል ሰሌዳ ይህች ጭረት አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ብትሆን ነው። እግሩ በስሌት ሲዘነብል ደግሞ ራሱ በየደረጃው አንድ አንድ ነጥብ ያወጣል። እንግዲህ አንባቢው የቱን ነጥብ እንደ አናባቢ፣ የቱን እንደ ዘንባላ ይቁጠረው? ለላቲን ፊደል የመልክ ጉድለት የሆነው ለእኛ የንባብ ስሕተት ሊሆን ነው።

ከዚህም በላይ የብራና ጸሐፊዎቻችን ቃልን ለማጉላት ቀይ ቀለም ይጠቀሙ እንጂ ፊደል አያዘነብሉም ነበር። ይህን ስል ሰያፍ የግእዝ ፊደል ፈጽሞ አይሠራ ማለቴ አይደለም። የሚሠራው ሰው የላቲኑን ዘንባላ በማሽን ከመገልበጥ ይልቅ፣ የአናባቢ ጭረቶቹን አስቀድሞ በሰሌዳው ላይ ያስቀምጥ፤ ደረጃውን ከእነርሱ በተረፈው ቦታ ይፈልግ። ፊደሉ መነበቡን ሳያጣ ካዘነበለ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ሰያፍ ነው።