ብዕር ሲያሳድድ፦ የአር. አይ. ሙር «የአሳዳጅ ማኅበረሰብ አመሠራረት» ሒሳዊ ንባብ

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በመድረሳዎቻችንም ሆነ በኹጥባዎቻችን ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መልክ ይሣላል፤ ሕዝቡ በድንቁርና የተዋጠበት፣ ሰውን በእምነቱ ማሳደድና ማቃጠልም የዚያው ድንቁርና ፍሬ የሆነበት ዘመን ተደርጎ ይቀርባል። እኛም ይህን ሥዕል ለዓመታት ስናስተምር ኖረናል። የአንደሉስን የዕውቀት ብርሃን ለማጉላት ስለሚመች፣ እውነት መሆኑን ብዙም አልመረመርንም። እንድንመረምረው ያስገደደን ብሪታንያዊው የታሪክ ተመራማሪ አር. አይ. ሙር በ1987 ያሳተመው፣ በ2007 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ የወጣው መጽሐፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉ ከ950 እስከ 1250 ያለውን የምዕራብ አውሮፓ ታሪክ ይመረምራል። ዋና ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ማሳደድ ከጥንት የተወረሰ የሕዝብ ጥላቻ አልነበረም፤ በእነዚያ ሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ አዲስ የተሠራ ሥርዓት ነው። የሠሩትም ያልተማሩት ሰዎች ሳይሆኑ የተማሩት ናቸው። ነገሥታትና ጳጳሳት አስተዳደራቸውን ሲያጠናክሩ፣ በዙሪያቸው ማንበብና መጻፍን መተዳደሪያው ያደረገ የጸሐፍትና የሕግ ዐዋቂዎች ወገን በዛ። ይህ ወገን ማን የማኅበረሰቡ አካል እንደሆነ፣ ማንስ እንዳልሆነ የመወሰን ሥልጣን ያዘ፤ ሥልጣኑንም በመናፍቃን፣ በአይሁድና በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ አሳየ።

ለዚህ ሐሳብ ማስረጃው ብዙ ነው። በምዕራብ አውሮፓ ከጥንታዊቷ ሮም ውድቀት በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት በመናፍቅነት ተፈርዶበት የተገደለ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህ የተለወጠው በ1022 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሮበርት ዳግማዊ በኦርሌያን ከተማ ሰዎችን በእሳት ባስቀጣ ጊዜ ነው። ከተቃጠሉት መካከል በከተማይቱ ካቴድራል የሚያገለግሉ የተማሩ ካህናት ይገኙባቸዋል፤ አንደኛው የንግሥቲቱ የንስሐ አባት የነበረ ሰው ነው። ነገሩ ከቤተ መንግሥት እንጂ ከገበያ አልተነሣም።

በ1215 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ሦስተኛ የጠራው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ደግሞ ሥርዓቱን በሕግ አጸና። ግዛቱን ከመናፍቃን ያላጸዳ ገዢ መሬቱን እንዲያጣ ወሰነ፤ አይሁድና ሙስሊሞችም በልብሳቸው ከክርስቲያኖች እንዲለዩ አዘዘ። የፍርድ አካሄዱም በዚያው ዘመን ተለወጠ። ቀድሞ ከሳሽ በስሙ ቀርቦ ይከሳል፤ ክሱን ማስረዳት ካቃተው ቅጣቱ በራሱ ላይ ሊመለስ ይችላል። በአዲሱ አካሄድ ግን ከሳሽ ባይኖርም ሹሙ ወሬን ብቻ መነሻ አድርጎ ምርመራ መክፈት ቻለ። መርማሪውም ፈራጁም አንድ ሰው ሆነ።

ከሙር ምልከታዎች ሁሉ በብርቱ የያዘን የሚከተለው ነው። መናፍቁ፣ አይሁዳዊውና የሥጋ ደዌ ሕመምተኛው በኑሮም በእምነትም የማይገናኙ ሰዎች ናቸው፤ የተጻፈባቸው ክስ ግን ተመሳሳይ ነው፦ የሰይጣን አገልጋይነት፣ ርኩሰት፣ ንጹሐንን የመበከል ሤራ። ክሱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቆያል፤ የሚለወጠው የተከሳሹ ስም ብቻ ነው።

ይህን ካደነቅን በኋላ መጽሐፉን የማንቀበልባቸውን ነጥቦች መናገር ይገባናል። አንደኛ፣ ሙር ሕዝቡን ከተጠያቂነት ከልክ በላይ ነጻ ያወጣል። በ1114 በሷሶን ከተማ ጳጳሱ በመናፍቅነት ስለተከሰሱ ሰዎች ሊመክር ወደ ሌላ ጉባኤ በሄደበት፣ ሕዝቡ ካህናቱ ይራራሉ ብሎ ስለሠጋ እስረኞቹን አውጥቶ አቃጠላቸው። በ1096 በራይን ወንዝ ዳር ከተሞች አይሁድ በመስቀል ጦረኞች ሲታረዱ፣ የሽፓየሩ ጳጳስ በከተማው የነበሩትን አብዛኞቹን አድኗቸዋል። እዚህ ላይ ሹሙ ጠባቂ፣ ብዙኃኑም ገዳይ ነበሩ። የጸሐፍቱ ኃጢአት ከባድ መሆኑ የሌላውን ኃጢአት አያስቀርም።

ሁለተኛ፣ ሙር እምነትን ብዙ ጊዜ የሥልጣን መጋረጃ አድርጎ ያየዋል። ከአሳዳጆቹ ብዙዎቹ ግን ነፍስን እያዳንን ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ለሃይማኖት ሰው ከግብዝነት ይልቅ ይህ የበለጠ ሊያስፈራው ይገባል፤ ግብዝ ቢያንስ ማጥፋቱን ያውቃል።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉ ለአውሮፓ ሙስሊሞች ራሱን የቻለ ክፍል አልሰጠም። ሐሳቡን ከሁሉ በተሻለ ሊያስረዳለት የሚችል ታሪክ ግን የእነርሱ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ዳግማዊ ከ1220ዎቹ ጀምሮ የሲሲሊን ሙስሊሞች ከደሴታቸው አንሥቶ በደቡብ ኢጣሊያ በምትገኘው ሉቼራ አሰፈራቸው። በዚያም ሃይማኖታቸውን ጠብቀው፣ ለነገሥታቱ ግብር እየከፈሉና በወታደርነት እያገለገሉ ኖሩ። በ1300 ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ከተማይቱን አፈረሰ፤ ነዋሪዎቿ ለባርነት ተሸጡ፣ ንብረታቸውም ተወረሰ። ትእዛዙን ያስፈጸመው ከንጉሡ የሒሳብ ሹማምንት አንዱ የነበረው ጆቫኒ ፒፒኖ ነው። ይህን ያደረገው የተቆጣ ሕዝብ ሳይሆን የመንግሥት መዝገብ ነው።

ይህን ታሪክ ለደረሶቻችን ነግረን ማቆም ይቀለን ነበር። ይሁንና ሚዛን አንድ ብቻ ነው፤ የሌላውን በመዘንበት የራሳችንንም ልንመዝን ግድ ይለናል። በ833 ኸሊፋው አል-መእሙን ቃዲዎችና ዑለማዎች «ቁርኣን ፍጡር ነው» በሚለው ቃል እንዲፈተኑ አዘዘ። ይህ «ሚሕና» የተባለው ፈተና የተቀነባበረው በተማሩ ሰዎች ነው፤ ከዋና አስፈጻሚዎቹ አንዱ ቃዲው አሕመድ ኢብን አቢ ዱኣድ ነበር። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የታሰሩትና የተገረፉት በመሀይማን እጅ አልነበረም። ሚሕናን ያስቀረው ኸሊፋ አል-ሙተወኪል ራሱ ደግሞ በ850 ክርስቲያኖችና አይሁድ ማር መሰል ቀለም ባለው ልብስ እንዲለዩ አዘዘ። ይህም የላተራን ጉባኤ ተመሳሳይ ውሳኔ ከማሳለፉ 365 ዓመታት በፊት ነው።

ሁለቱ ታሪኮች በሁሉም ነገር እኩል ናቸው አንልም። ሚሕና ከሃያ ዓመት በላይ አልዘለቀም፤ የሕዝቡን ፍቅር ያገኙትም የተገረፉት ኢማም እንጂ ገራፊዎቹ አይደሉም። የልብሱ ትእዛዝም በየዘመኑ ያለማቋረጥ ሲፈጸም አልኖረም። ነገር ግን «ይህ በሽታ የእነርሱ ብቻ ነው» የሚለውን ንግግር ከእንግዲህ በሚንበር ላይ በንጹሕ ሕሊና ልንደግመው አንችልም።

ለመምህርና ለኢማም የሚተርፈው ትምህርትም ይኸው ነው። ማሳደድ ከድንቁርና ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ማስተማራችን ራሱ መድኃኒት ይሆን ነበር። ከብዕርና ከመድረክም የሚመጣ ከሆነ ግን ምርመራው ከእኛ መጀመር አለበት። አንድን ወገን በስም ለይተን ስንናገር፣ ወሬን እንደ ማስረጃ ስንቀበል፣ ትናንት በአንዱ ላይ የተባለውን ዛሬ በሌላው ላይ ስንደግም፣ የላተራን ጸሐፍት የሠሩትን በትንሹ እየሠራን ነው። ሱረቱል ሑጁራት መጥፎ ጥርጣሬን፣ ስለላንና በቅጽል ስም መነቋቆርን በአንድነት የከለከለችበትን ጥበብ ከዚህ ታሪክ አጠገብ አድርገን ብናስተምር፣ የሩቅ አገር ታሪክ ለመስጂዳችን ምክር ይሆናል።

የሙር መጽሐፍ ጉድለቶቹ እንዳሉበት ሆኖ በመምህራኖቻችን ሊነበብ ይገባዋል እንላለን። የአውሮፓን ጨለማ ለማሳየት ብሎ የሚያነብበው ሰው የራሱን ወንበርም ያገኝበታል። አላህ ይበልጥ ዐዋቂ ነው።