«ተበላሸ» አይበቃም፦ ስለ ኮምፒውተር ብልሽት ስያሜዎች

የኮምፒውተር ሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚደረገው ጥረት የሚመሰገን ነው። ይሁንና አንድ ጉድለት እናይበታለን። ይኸውም ቃል መራጮቻችን ለመሣሪያው ክፍሎች ስም ሲያወጡ፣ መሣሪያው ሲታወክ ለሚያሳያቸው ምልክቶች ስያሜ አለመስጠታቸው ነው። «ክራሽ» ቃል በቃል ቢፈታ «መከስከስ» ወይም «መጋጨት» ይሆናል፤ የሚከሰከሰው ግን አውሮፕላን እንጂ ኮምፒውተር አይደለም። ስለዚህ ተጠቃሚው «ክራሽ አደረገ»፣ «ስታክ አደረገ» ይላል፤ አለዚያም «ተበላሸ» ብሎ ያልፈዋል።

ጉዳቱ በቋንቋው ላይ ብቻ አይቀርም። የግራፊክስ ካርድ መለወጥን በምሳሌነት እንውሰድ። አንድ ሰው 120 ዋት የሚበቃውን ጂ ቲ ኤክስ 1060 አውጥቶ 320 ዋት የሚፈጀውን አር ቲ ኤክስ 3080 ይተክላል። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ማስገቢያ እስከ 75 ዋት ብቻ ይሰጣል፤ የቀረው ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ በሚመጡ ገመዶች ይሟላል። አምራቹ ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው አሮጌው ግን 450 ዋት ሊሆን ይችላል። ጨዋታ ሲከፈት ችግሩ ይጀምራል፤ ባለቤቱም ለጠጋኙ «አዲሱ ካርድ ተበላሽቷል» ይለዋል። ካርዱ ከውጭ አገር በሰው እጅ የመጣ ከሆነ ለሻጩ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። ደኅናው ካርድ በርካሽ ይሸጣል፤ ጥፋተኛው ፓወር ሰፕላይ በቦታው ይቀራል።

ታዲያ አማርኛ ቃል አጥቶ ነውን? አይደለም። የምንፈልገው ልዩነት «አለ» በሚለው ግሥ በሚጣመሩት ቃላት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

ኮምፒውተሩ መብራት እንደ ተቋረጠበት ሁሉ በድንገት ድርግም ካለ፣ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ካርዱ ለቅጽበት ከልክ በላይ ኃይል ሲስብ ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለመጠበቅ ይዘጋልና። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ብሎ ከተመለሰ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ (2007 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካርዱ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣል፤ ይህ ሳይሳካ ሲቀር የስሕተት ስክሪን ይመጣል። እዚህ ላይ የአሮጌውን ካርድ ድራይቨር ርዝራዥ አጽድቶ አዲሱን መጫን ተገቢ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ሁሉም ባለበት ድርቅ ብሎ ቢቀር ሙቀትም፣ ሜሞሪም፣ በደንብ ያልተሰካ ካርድም ሊሆን ይችላል።

ጨዋታው ብቻ እልም ብሎ ሌላው ሥራ በደኅና የቀጠለ እንደሆነ ደግሞ የ2020 እ.ኤ.አ. ሁኔታ መታወስ አለበት። አር ቲ ኤክስ 3080 በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር ለገበያ እንደ ቀረበ የብዙዎች ጨዋታ እልም ይል ጀመር። ወሬው ሁሉ በካርዱ ጀርባ ባሉት ካፓሲተሮች ላይ አተኮረ፤ በወሩ መጨረሻ የወጣው አዲስ ድራይቨር ግን ችግሩን ለብዙዎች አቃለለው። የእንግሊዝኛውም ቃል ቢሆን ሁሉን በአንድ ከረጢት የሚከት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ልንቀዳው የምንቻኮለው ለምን እንደሆነ አይገባንም።

በአንጻሩ «ድራይቨር»ንና «ፓወር ሰፕላይ»ን እንዳሉ ብንተዋቸው እንመርጣለን። «ነጂውን አጥፋና አዲስ ነጂ አስገባ» የሚል መመሪያ የታክሲ ማኅበር ጉዳይ ይመስላል፤ «ኃይል አቅራቢ» ቢባልም ሰሚው የሚያስበው መብራት ኃይልን ነው።

የሚቀረው የስም አወጣጥ ነው። «ብልጭ» «ብልጭታ»ን፣ «ዝም» «ዝምታ»ን እንደ ሰጡ «ድርግምታ» ቢባል ጆሮ አይጎረብጥም። «ድርቅ አለ» ግን ያስቸግራል። «ድርቀት» የሆድ ሕመም ሆኗል፤ «ድርቅ» የዝናብ እጦት ነው። በምትኩ «ቀጥ አለ» ብንል «ቀጥታ» ለሌላ ፍቺ ተይዟል። ስለዚህ ይህኛው ስም ሳይፈለግለት፣ በግሥነቱ «ድርቅ አለ» ተብሎ፣ ከተለመዱት ፍቺዎቹ ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ፍቺ ተጨምሮበት እንዲመዘገብ እናሳስባለን።