የኃምሱ ቀለበት

በጠርዙ ብቻ የተሣለ፣ ውስጡ ባዶ የተተወ የእጅ ፊደል ሲቀርብልን ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው መስመሩ ላይ ነው፤ ይወላገዳል? ይፈነጥዛል? የሥራው ጥራት የሚለየው ግን በመስመሮቹ መካከል በቀረው ነጭ ቦታ ነው ባይ ነኝ። በእንዲህ ያለ ፊደል እያንዳንዱ ዘንግ ሁለት መስመር ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ድምፁን የሚለውጠው በጥቃቅን ጭረትና ቀለበት ስለሆነ ጣጣው ከላቲኑ ይብሳል። ሣልሱ «ቢ» እግሩ ሥር ጭረት አለው፤ ኃምሱ «ቤ» ቀለበት። ቀለበቱ በጠርዝ ሲሣል ክብ በክብ ውስጥ ነው፤ የውስጠኛው ክብ በቀለም ከተደፈነ «ቤ» ወደ «ቢ» ይጠጋል። በጉራጌዋ ከተማ በእምድብር ለሚሰቀል የክትፎ ቤት ታፔላ የታሰበ ፊደል እንግዲህ አስቀድሞ «ቤት» በሚለው ቃል ይፈተን።

የከተማዋ ስም ራሱ ሌላ ፈተና ነው፤ «እምድብር» አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። ካዕብ በአብዛኛው ቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት በማውጣት ይታወቃል። ሳድስ እንዲህ ያለ አንድ ደንብ የለውም፤ አንዱ ይጎብጣል፣ ሌላው ጭረት ያበቅላል፣ ስለዚህ ሠዓሊው እያንዳንዱን ለብቻው ማሰብ ግድ ይለዋል። «ብ»ን ከ«በ» የሚለየው ትንሽ ጭረት በመስመሩ ጭፈራ ውስጥ ከጠፋ ፊደሉ ጠፋ። ጥሩ ሠዓሊ የሚጫወተው ትርጉም በማይንጠለጠልበት ቦታ ነው፦ በእግር ርዝመት፣ በራስ ዘመም ማለት፣ ከመስመር ከፍ ዝቅ በማለት።

«የታፔላ ፊደል ትልቅ ነው፤ አንባቢም ከዐውዱ ይረዳል» የሚል ይኖራል። «ቤት»ን ይረዳል፤ የሰውና የቦታ ስም ግን በግምት አይነበብም፣ ታፔላም ብዙ ጊዜ ከሚሄድ መኪና ላይ ነው የሚታየው። ከዚህ የሚከብደው ሙግት ጥንቃቄ ሲበዛ ጨዋታውን ይገድላል የሚለው ነው። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ጨዋታውን ይበልጥ የሚገድለው ድግግሞሽ ይመስለኛል። «ክትፎ ቤት» ውስጥ ሁለት «ት» አለ። በብሩሽ የሚጽፍ ሰው ሁለቱን አንድ ዓይነት ሊያደርጋቸው ቢፈልግ እንኳ አይችልም፤ የኮምፒውተር ፎንት ግን ያንኑ መወላገድ ሁለቴ ያትማል፣ የእጅ መስሎ የታየውም ወዲያው ይጋለጣል። ለሚደጋገሙ ፊደላት ሁለት ሦስት ተለዋጭ ቅርጽ ያዘጋጀ ፎንት ከዚህ ይድናል። እኔ በዚህ ረገድ ለሰነፈ ሥራ ምሕረት የለኝም።

የመጨረሻው ፈተና የሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላት ናቸው። እንደ ᎀ እና ᎄ ያሉት እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኒኮድ ውስጥ ገቡ፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች 28 ፊደላት ተጨመሩ። ሠዓሊው የአማርኛውን ብቻ ሥሎ ካቆመ፣ ኮምፒውተሩ የጎደለውን ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ ከጉራጌ ቋንቋዎች በአንዱ፣ በቸሃ፣ ቃል በተጻፈበት ታፔላም ውስጣቸው ባዶ በሆኑት ፊደላት መካከል አንድ ድፍን ጥቁር ፊደል ይቆማል።