ባዶ ጭልፋ

ድሬ ዳዋ ውስጥ የወባ ትንኝ ፍለጋ የሚጀምረው ከሰው ግቢ ነው። በ2009 ዓ.ም. ቀብሪ ደሃር ላይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ፣ ውሃ ሲጠፋ እንዲያገለግል በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች፤ በበርሜል፣ በሮቶ፣ በሲሚንቶ ገንዳ።

«ልጄ፣ ውሃዬን እንዳትደፋብኝ» አሉኝ አንዲት እናት ክዳኑን እያነሱ።

«አልደፋም እማማ፣ እጩን ብቻ ነው የምወስደው።»

ጭልፋዬ 350 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ጀማሪ ሳለሁ ክዳኑ እንደተከፈተ እጨልፍ ነበር። እጮቹ ግን ጥላ ሲያርፍባቸው ወይም ውሃው ሲነቃነቅ ወደ ታች ይሰምጣሉ። «የለም» ብዬ ጽፌ ያለፍኳቸው በርሜሎች ዛሬም ይቆጩኛል። አሁን ጥላዬን አርቄ እቆማለሁ፤ እስኪወጡ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ጭልፋውን አዘንብዬ ከጠርዙ በኩል በእርጋታ አስገባለሁ። ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድመው የሚታዩት የአኖፌለስ ናቸው፤ ተዘቅዝቀው የሚንጠለጠሉት የሌላ ዘር።

በ10 ጭልፋ 30 እጭ ካገኘሁ «በጭልፋ 3» ብዬ እመዘግባለሁ። ይህ በርሜሉ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ብዛት አይደለም፤ አንዱን ሳምንት ከሌላው ማነጻጸሪያ ነው። የሚያገለግለውም አጨላለፉ ካልተለወጠ ብቻ ነው።

የሚበርሩትን ትንኞች ጠቅላላ ብዛት ለመገመት ሌላ ስሌት አለ። 200 ትንኝ በቀለም ዱቄት ምልክት ተደርጎባቸው ቢለቀቁ፣ በኋላም ከተያዙት 100 ውስጥ 4ቱ ምልክት ቢኖራቸው፣ ግምቱ 5000 ይሆናል። ምልክት ያላቸው ከሞቱ ወይም ርቀው ከሄዱ ግን ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ያብጣል። ደግሞም ወባ ባለበት ከተማ ነካሽ ትንኝ መልቀቅ ሕሊናዬ አይፈቅድም።

የበረረችውን ትንኝ መያዝ ይብሳል። ቤት ውስጥ የምንሰቅለው የብርሃን ወጥመድ ይህችን ትንኝ እምብዛም አይዝም፤ ከእንስሳት ማደሪያ በመምጠጫ መሣሪያ ስትፈለግ ግን ትገኛለች። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ በአምስት ወር ውስጥ ከ2400 በላይ የወባ ታማሚዎች ተመዘገቡባት። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት በወባ ተሕዋስ ተይዛ የተገኘችው ይህችው ትንኝ ነበረች። በወጥመዱ ብቻ ብንፈርድ ኖሮ «ጥቂት ናት» እንል ነበር።

ስለዚህ መዝገቤ ላይ 0 ስጽፍ ከጎኑ ሰዓቱን፣ ስንት ጊዜ እንደጨለፍኩና ምን ያህል እንደጠበቅኩ እጽፋለሁ። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ያን በርሜል ዳግም ይክፈተው ወይስ ይለፈው የሚለውን የሚወስነው ከዚያ ነው።